ለአንድ ሰው የሚሆን ንፋስ

ፖሶ አማርጎ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ አርጀንቲና
ማርች 15 ቀን 1987

ለተከበርከው ዋርሳዬ ለኖልቤርቶ ካርካሞ፣
ቫካሪያ፣ ብራዚል

የካጉዋቹ ናዝሬናዊ ጌታ ጤናህን አብዝቶ፣ እጅህን ከብረት፣ ዓይንህን ከአቧራ ጠብቆ ያቆይልኝ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በጎቹም ደህና ናቸው። ንፋሱ እንደምታውቀው ነው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህም አላረፈም።

ወንድምህ ኤሊሴዎ ካረፈ ይኸው ዓመት ሞላው። ልጃችን ሚርታ ከኮሞዶሮ ለሙት ዓመቱ ልትመጣ ነበር፤ ሥራ ያዛት። ጠቦት ግን አስቀድሜ አርጄ ስለነበር ብቻዬን ተቀመጥኩበት። አንድ ሰው አንድ ጠቦት ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ብታይ ትስቅ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ ፒክአፑ ነው። የኤሊሴዎ ጎማዎች አለቁ። እነዚያ ጠባብና ቀጫጭን የነበሩት። ያንን ልክ አሁን ማንም አያመጣም ይላሉ። የእርሻው አስተዳዳሪ አዲስ መኪና ሲገዛ ከአሮጌው የወጡትን አራት ጎማዎች «ውሰጂያቸው፣ ቸርኬሽ ላይ ይገባሉ» ብሎ ሰጠኝ፤ እውነትም ገቡ። ሰፋፊ ናቸው። የኤሊሴዎን አሮጌዎች መገንጠያው ላይ ካለው የመንገደኞች ጠባቂ የዲፉንታ ኮሬያ ማኅደር ሥር፣ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ጋር ትቼላት መጣሁ።

አሁን ችግሩን ስማኝ። አንተ በአንድ ደብዳቤህ «እዚህ ብራዚል ሾፌሮች የንፋሱን ልክ ከጎማው በላይ ይጽፉታል» ብለህ ከነገርከው በኋላ፣ ኤሊሴዎ በአራቱም ፓራፋንጎ ላይ በነጭ ቀለም «40» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም እሱን አይቼ አርባ ነፋሁ። ጎማዎቹ ግን በአርባም ቢሆን ሆዳቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቤንዚን ማደያው ላይ ያለው ቤጋ አየና «ኦርፌሊና፣ ተንፍሶብሻል እኮ» አለኝ። ስለዚህ ሆዱ እስኪጠፋ ድረስ ነፋነው፤ ስንት እንደደረሰ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ኮረኮንቹ ላይ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። መሪውን እይዘዋለሁ እንጂ አይሰማኝም። በቀደም ጥምዝ ላይ ኋላው ፊቱን ቀደመውና ሜዳው ውስጥ ዞሬ ቆምኩ፤ የመኪናው አፍንጫ ወደመጣሁበት ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ውሻው ዞር ብሎ አየኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አመንኩ።

ሚርታ ይህን ሰምታለች፤ ቤጋ ሳይነግራት አልቀረም። «እማዬ፣ መንዳት ይብቃሽ፤ የጓሮዋን ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» ብላ ልካብኛለች። ያችን ክፍል አውቃታለሁ። መስኮቷ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ከዚህ መውጣት አልፈልግም። ግን መኪናው ካልሄደልኝ እዚህ መኖር አይቻልም፤ ዱቄቱም ጋዙም የአንተም ደብዳቤ ያለው ግሬጎሬስ ከተማ ነው፣ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር።

አንተ የጎማ ሰው ነህ። ቁጥሩን ንገረኝ። ሌላ የምለምንህ የለም።

የወንድምህ ሚስት
ኦርፌሊና ማንሲያ


ቫካሪያ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1987

ለክብርት እትዬ ኦርፌሊና፣

እመቤታችን ከበሽታና ከክፉ መንገድ ትሰውርዎት። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ቢሆንም ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ።

ዋናው ነገር፣ ቤጋን አይስሙት። ቤጋ ደግ ሰው ነው፤ ስለ ጎማ የሚያውቀው ግን የድሮውን ነው። የድሮው ጎማ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ በቂ ንፋስ ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እርስዎ አሁን የገጠሙት ጎኑ ልስልስ ነው፤ ልኩን ይዞም ሆዱ ይወጣል። ተፈጥሮው ነው። ሆዱን ለማጥፋት ብለው ሲነፉት መሬቱን የሚነካው መሃሉ ብቻ ይሆናል፣ ዳርና ዳሩ አየር ላይ ይቀራል። ሰፊ ጎማ ገጥመው በቀጭን መስመር ላይ ነው የሚነዱት። ኮረኮንች ላይ እንኳን መኪና ፍየልም በዚያ አይቆምም።

ወንድሜም አልተሳሳተም። ለእነዚያ ጎማዎች፣ ከኋላ ሱፍና እንጨት ለሚጭን ሰው አርባ ትክክል ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ የመኪናው አይደለም፣ እትዬ። የጎማውና የሸክሙ ነው። ጎማው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ይህን ባለመኪና ሁሉ ይረሳዋል፤ በቀን ለስንቱ እዚህ እነግራለሁ መሰለዎት።

እንዲህ ያድርጉ። ጠመኔ ይፈልጉና ጎማውን ከዳር እስከ ዳር አግድም ያስምሩት። ከዚያ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትንሽ ነድተው ወርደው ይዩ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። መስመሩ እኩል ከጠፋ ልኩ እሱ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ። አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚጭኑ ይንገሩኝ። ስንት ሰው እንደሚቀመጥም አይርሱ፤ ሰውም ክብደት ነው።

እስከዚያው ቀስ ብለው ይንዱ። የጓሮዋ ክፍል ትቆይ።

አክባሪዎ
ኖልቤርቶ


ፖሶ አማርጎ፣ ጁን 12 ቀን 1987

ለወንድሜ ለኖልቤርቶ፣

ጌታ በረዶ በሌለበት አገር ያኖረህ አንተን ስለሚወድህ ነው፤ እኛ ግን ጀምሮልናል። ደብዳቤህ ማደያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቶሎ አልሄድኩም፤ ስሄድም እንደ ልጅ ጋሪ ቀስ እያልኩ ነው።

ጠመኔ አላገኘሁም። የበግ ምልክት ማድረጊያው ሰማያዊ ቀለም ግን ነበረኝና በእሱ አሰመርኩ። ከማደያው ፊት ለፊት ተንበርክኬ ሳሰምር ቤጋ ወጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አታይም? ጎማ እየቀባሁ።»

«ኖልቤርቶ ነው ያዘዘሽ?»

«እሱ ነው።»

«ያ ሰውዬ እዚህ ሳለ ብስክሌት እንኳ አልነበረውም፤ ዛሬ በፖስታ ጎማ ይነፋል?»

«በፖስታም ቢሆን ይሻላል። አንተ ፊት ለፊት ቆመህ የነፋኸው አይደል ሜዳ ላይ ያዞረኝ?»

ይሄን ስለው ወደ ማደያው ገባ። ከዚያ ኮቱን ደርቦ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስም አብሮኝ በእግሩ ሄደ፣ እኔ እየነዳሁ እሱ በመስኮት እያወራኝ። ወርደን ስናይ ሰማያዊው የጠፋው በመሃል ብቻ ነው፤ በሦስት ጣት ስፋት። ዳርና ዳሩ እንዳለ ነው። ቤጋ ራሱን እያከከ «እንዲህም አለ እንዴ» ብሎ ተመለሰ። ላንተ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሏል፤ ብስክሌቱን ያነሳው ለቀልድ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን በሌላ ወረቀት ገልብጫለሁ፤ አንዱ ፊደል ተፍቋል። የምጭነው ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ዱቄት፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት በግ ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ ነኝ።

ስንት ሰው ነው ላልከው እኔ ብቻ ነኝ። ውሻውም ይቀመጣል፤ ካሰኘህ ቁጠረው። ከኤሊሴዎ በኋላ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ባዶውን ከማየው ዱቄቱን አስቀምጥበታለሁ፤ ከኋላ ቦታ ጠፍቶ አይደለም።

ያንተን ግን አልወደድኩትም። ስለ ጎማ ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ ራስህ «ደህና ነኝ» ብቻ። ከማን ጋር ነው የምትበላው?

ኦርፌሊና


ቫካሪያ፣ ጁላይ 28 ቀን 1987

ለክብርት እትዬ ኦርፌሊና፣

የእመቤታችን ረድኤት አይለይዎት። በረዶው ጉዳት ሳያደርስ እንዳለፈልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥሩን አግኝቼልዎታለሁ። የተፋቀውን ፊደል እዚህ ካለ ተመሳሳይ ጎማ ላይ አየሁት። ባዶ ሲሆኑ ከፊት ሠላሳ፣ ከኋላ ሃያ ስድስት። ከፊት የሚበልጠው ሞተሩ ስለሚከብድ ነው። ሲያዩት የተነፈሰ ይመስልዎታል፤ ዓይንዎን አይመኑት። የሚለኩት ጠዋት፣ መኪናው ገና ሳይነሳ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ከነዱ በኋላ ቆመው ይለኩ። በአራት ያህል ከጨመረ ልክ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ጎማው እየታሸ ግሏል ማለት ነው፤ ንፋስ ይጨምሩለት። ጭራሽ ካልተነሳ ደግሞ በዝቶበታል።

ከዚያ ፓራፋንጎው ላይ ያለውን ቁጥር ይፋቁትና አዲሱን ይጻፉ። ሌላ ሰው አይቶት አርባ እንዳይነፋልዎት።

ከማን ጋር እንደምበላ ጠይቀውኛል። እዚሁ የጎማ ጥገና ሱቁ ውስጥ ቆሜ ነው የምበላው፤ ሩዝና ባቄላ። ሰው እንኳ አይጠፋም፤ ከጠዋት ጀምሮ የጭነት መኪና ይሰለፋል። ግን ጎማው ከተሠራለት በኋላ የሚቆይ የለም። ሁሉም «አርጀንቲናው» ነው የሚሉኝ። በስሜ የሚጠሩኝ ባለሱቁ ቫልዴማርና የእርስዎ ደብዳቤ ናቸው።

ይህ ቫልዴማር በደብዳቤዎ ምክንያት መቀመጫ አሳጥቶኛል። በቀደም ስጽፍ መጣና በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየ።

«ይህችን ሴት ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

«እትዬ።»

«ምን እየጻፍክላት ነው ታዲያ?»

«የጎማ ንፋስ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሚስቴን በአበባ ነው ያገኘሁት። እንደ አንተ ቢሆን እስካሁን ወንደላጤ ነበርኩ።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሱቅ ወሬ ነው። የጻፍኩልዎት እንዲስቁ ብዬ ነው።

አክባሪዎ
ኖልቤርቶ


ፖሶ አማርጎ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1987

ለወንድሜ ለኖልቤርቶ፣

የካጉዋቹ ጌታ እጅህን ይባርክ። ሠርቷል።

እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። ጠዋት ንፋሱን እንዳልከኝ አስተንፍሼ ስጨርስ ጎማዎቹን አይቼ ልመልሰው ምንም አልቀረኝ ነበር፤ አራቱም የደከማቸው መሰሉኝ። ግን ተነሳሁ። መገንጠያው ጋ ስደርስ መሪው ከእጄ ጋር መነጋገር ጀመረ። ድንጋዩን ረግጦ ያልፋል እንጂ አይዘልም። ያ ያዞረኝ ጥምዝ ላይ ስደርስ ፍጥነት ቀንሼ ነበር፤ ማለፌን ያወቅሁት ካለፍኩት በኋላ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ለማን እንደምነግር ሳስብ ሳቁ ተወኝና እስከ ከተማ ድረስ ዝም ብዬ ነዳሁ። ወርጄ ስለካ አራት ጨምሯል፤ የኋላው ግራ አምስት።

ሚርታ መጥታ ነበር። መኪናው ውስጥ አስገብቼ እስከ ሐይቁ ወስጄ መለስኳት። ስትወርድ «እማዬ፣ እሺ» አለች፤ ስለ ክፍሏ ሁለተኛ አላነሳችም። እንግዲህ እዚህ እኖራለሁ ማለት ነው። ውለታህ ነው።

ስለ ቁጥሩ ግን አልሰማሁህም። ወንድምህ የጻፈውን መፋቅ አልቻልኩም። ቢላ ይዤ ሄጄ ተመለስኩ። አዲሱን ከሥሩ ጻፍኩት፤ ላዩን የእሱ፣ ታቹን የእኔ። ቤጋ «የትኛውን ልስማ?» ሲለኝ «የታችኛውን» እለዋለሁ።

አሁን የምጠይቅህ አለቀብኝ ብዬ ነበር። ሁለት ቀን መኪናውን ስዞረው ከረምኩና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያልከኝ ቁጥር ባዶ ስሆን ነው። ብጭንስ? ለምሳሌ ከግሬጎሬስ የምመልሰው ሻንጣ ቢኖር፣ የሥራ ዕቃ ቢኖር፣ ከዚያ ወንበር ላይ ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው ቢቀመጥ፣ ከኋላ ስንት ይሆናል? እዚህ አገር ጎማ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቤጋ ራሱ አምኗል። በመጋዘኑ በኩል ያለው ክፍል ምድጃ አለው፣ መስኮቱም የሚያየው ሜዳውን ነው።

ይህን ቁጥር አላውቀውምና ጻፍልኝ።

ኦርፌሊና


ቫካሪያ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1987

ለእትዬ ኦርፌሊና፣

እመቤታችን ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ሥራ ላይ ሆኜ ነው የከፈትኩት። አንብቤ ኪሴ አስገባሁትና የደንበኛውን ጎማ አቃንቼ ሳበቃ መልሼ አወጣሁት። ቫልዴማር እንዳያይ ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ዞሬ ነው ያነበብኩት፤ ያው አየኝ።

አዋቂ ሰው ብለሻል። ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ። ሻንጣዬ ቀላል ነው፣ ብዙ ልብስ የለኝም። ዕቃው ነው የሚከብደው፤ የጎማ መፍቻ ብረቶቹ፣ ሁለቱ ክሪኮች፣ የመለጠፊያ ማሞቂያው፣ ደግሞም ትንሿ ኮምፕሬሰር። ቫልዴማር «ስትሄድ ይዘሃት ሂድ፣ ከአንተ በቀር የምትታዘዝለት የለም» ብሎኛል። አውቶቡሱ ጭነት ይቀበላል፤ ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ከኋላ ሠላሳ ስምንት፣ ከፊት ሠላሳ ሁለት። የምትነፊው ግን ከቤት ሳትነሺ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ግሬጎሬስ ደርሰሽ ከለካሽ ሙቀቱ ያሳስትሻል። እንግዲህ ስትሄጂ ባዶ ስለሆንሽ መንገዱን ሁሉ ያንገጫግጭሻል። ታገሺው፤ ስንመለስ ይለሰልሳል።

የፖም ለቀማው ከጀመረ ከዚህ መንቀሳቀስ አይቻልም። ከዚያ በፊት እመጣለሁ። ጃንዋሪ 15፣ የዓርቡ አውቶቡስ ላይ እሆናለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የበረዶ ሽታ አልሸተተኝም፤ ስመጣ በጋ መሆኑ ነው የቆጨኝ።

ኖልቤርቶ


ፖሶ አማርጎ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1987

ኖልቤርቶ፣

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

ክፍሉን ኖራ ቀባሁት። ምድጃው ያጨስ ነበር፤ አንዲት ወፍ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቤት ሠርታ ኖሮ አወጣኋት። ቤጋ ከማደያው ጎን ያለውን መጠለያ ለኮምፕሬሰሯ አጽድቶልሃል፤ «ፉክክር አያስፈልግም፣ ጎማውን እሱ፣ ቤንዚኑን እኔ» ይላል። ለሥራህ ከተማ ትወርዳለህ፣ ማታ ከእኔ ጋር ትመለሳለህ፣ አለዚያም እንደፈለግህ።

«አንቺ» ስላልከኝ አልተቀየምኩም።

ዓርብ ከአውቶቡሱ በፊት ደርሼ እጠብቅሃለሁ። ወንበሩ ላይ ያለውን ዱቄት አውርጄዋለሁ።

ኦርፌሊና


ፖሶ አማርጎ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1988

ኖልቤርቶ፣

ጌታ ባለህበት ጤና ይስጥህ። የምጽፈው ታመህ እንደሆነ ላውቅ ነው።

ዓርብ ጠዋት እንዳልከኝ ነፋሁ። ሠላሳ ስምንት ከኋላ፣ ሠላሳ ሁለት ከፊት። እንዳልከውም አንገጫገጨኝ፤ ጥርሴ ሲጋጭ እየሳቅሁ ነው የሄድኩት፣ መመለሻው ይለሰልሳል እያልኩ። ቤጋ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር። ፀጉሩንም ታጥቧል።

አውቶቡሱ ደረሰ። አስተማሪዋ ወረደች፣ ሁለት ወታደሮች ወረዱ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ወረደች። ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«ሌላ ሰው አልቀረም?»

«አለቀ እማማ። ከውስጥ የቀረው የእኔ ምሳ ነው።»

«ጭነትስ? ከባድ ጭነት፣ ኮምፕሬሰር ያለበት?»

ጣሪያውን አሳየኝ። ፍራሽና የዶሮ ቅርጫት ነበር። ቤጋ «ኮሞዶሮ ላይ አምልጦት ይሆናል፤ የሰኞው አለ» አለ። ሚስቱ አሳደረችኝ። የሰኞውንም ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ላይ የወረደው አንድ ካህን ብቻ ነው፤ ቤጋ ሸሚዙን ያን ቀንም ለብሶት ነበር።

ስመለስ «ከኋላ ላስተንፍስልሽ? ባዶ ነሽ» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ትመጣና ትገናኘኛለህ ብዬ ይሆናል። በዚያው ንፋስ ባዶዬን ተመለስኩ። ያለሰለሰልኝ ነገር የለም፣ ኖልቤርቶ። መንገዱን በሙሉ ዘለልኩ። አንድ ቦታ ላይ ኋላው ሊዞርብኝ ነበር፤ ይዤ መለስኩት። መኪናውን አቁሜ ወንበሩን እያየሁ አለቀስኩ፤ ውሻው እንኳ አልነበረም፣ ቦታ እንዳይዝብህ ብዬ ቤት ትቼው ነበር።

ታመህ ከሆነ ቫልዴማር ይጻፍልኝ።

ኦርፌሊና


ቫካሪያ፣ ማርች 6 ቀን 1988

ለክብርት እትዬ ኦርፌሊና፣

እመቤታችን ትጠብቅዎት። አልታመምኩም። ቢያመኝ ኖሮ የምጽፈው ይቀለኝ ነበር።

ቲኬት ቆርጬ ነበር። ኮምፕሬሰሯን ለአውቶቡሱ አስረክቤ፣ ቫልዴማርንም ተሰናብቼ ነበር። ፖርቶ አሌግሬ መናኸሪያ ላይ ቁጭ ብዬ እርስዎ የሚመጡበትን መንገድ አሰብኩ። መኪናው የኤሊሴዎ ነው። ወንበሩም። ቤቱም የእሱ ነው፣ ከጎማው በላይ ያለው ቁጥርም፤ ከእሱ በታች የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የእርስዎ ነው። የእኔን የት ጋ እንደምጽፍ አጣሁ። እሱ እያለም እንዲህ ነበርኩ፤ ከአገሬ የወጣሁትም ለዚህ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። ሲሄድ አየሁት። ኮምፕሬሰሯን እንኳ ያስወረድኳት በሩጫ ነው።

አሁንም እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነኝ። የፖም ለቀማው ደርሷል፤ ጎማ ይፈነዳል።

እባክዎን የኋላውን ወደ ሃያ ስድስት ያውርዱት። ባዶ መኪና በሠላሳ ስምንት አይነዳም። እርስዎን አንድ ነገር ቢያገኝዎት እኔ መኖር አልችልም። ከፊት ሠላሳ ይበቃል። ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሳለ።

አክባሪዎ
ኖልቤርቶ


ፖሶ አማርጎ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1988

ኖልቤርቶ፣

ጌታ ይጠብቅህ። ያንተ ደብዳቤ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ከግሬጎሬስ በተመለስኩ ማግስት ጠዋት የኋላውን ራሴ አወረድኩት። ሃያ ስድስት። ወጥቼ ነዳሁ፣ ቆምኩ፣ ለካሁ፤ አራት ጨመረ። በቀጣዩ ወር ደግሞ በጎች ጭኜ ስሄድ ላንተ ሳልጽፍ በራሴ ሠላሳ አራት አደረግሁት፤ በሰማያዊው ቀለም አስምሬ ስፈትሸው እኩል ጠፋ። ቤጋ አሁን ሰው ጎማ ሲያስገጥም «ኦርፌሊና ትምጣ» ማለት ጀምሯል። ባለፈው የአስተማሪዋን መኪና ያየሁላት እኔ ነኝ። ሆዱ ወጥቶ አይታ ልትነፋው ነበር።

ስለ መናኸሪያው ያልከውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ተናደድኩብህ፣ አልዋሽህም። ደብዳቤህን መኪናው ውስጥ ወርውሬ አንድ ሳምንት ሳላነሳው ቆየሁ። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ኖራ የቀባሁት ክፍል ውስጥ አሁን ዱቄቱን አስቀምጣለሁ፣ ከአይጥ ይሻላል። በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ውሻው ነው፣ እሱም አርጅቷል። ሚርታ «ብቻሽን አትፈሪም?» ትለኛለች። አልፈራም። ግን ምሽቱ ረጅም ነው፣ ያንን ለማንም አልናገርም፤ ለአንተ ተናገርኩ።

በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ግሬጎሬስ እወርዳለሁ፤ አውቶቡስ ለመጠበቅ ሳይሆን ለፖስታ። የመጣልኝን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ነው የማነበው። ከዚያ ያለው መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ስላነበብኩት የማስብበት ነው፤ ባይመጣልኝ ስለ ምንም ሳላስብ እነዳዋለሁ።

ስለዚህ ልትጽፍልኝ ከፈለግህ ጻፍ። ምን እንደበላህ፣ ማን እንደጮኸብህ፣ ዘንቦ እንደሆነ፣ ስሜ ወደ ልብህ ከመጣ በምን ሰዓት እንደሚመጣ ጻፍልኝ። ስለ ጎማ ግን አትጻፍልኝ። እሱን አሁን አውቀዋለሁ።

ኦርፌሊና